ቃሏን ያሳጠርኩባት መበለት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚናገር ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። ይህን የማምነው እኔ ብቻ መሆኔን ደፍሮ የነገረኝ አልነበረም። አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ተኮልኩሎ እያለ፣ የገሱባ ገበሬ ልጅ እንዲህ ማሰቤ ምን ዓይነት ጉረኛ እንደነበርኩ ይነግራችኋል።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌራ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ ስሙ ለአስተማሪዬ ምላስ አልተመቸም መሰለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አፈወርቅ ነህ» አሉኝ። ሌላው ልጅ የተሰጠውን ስም ተቀብሎ ዝም ሲል እኔ የራሴን አመንኩት። ችግሬ የጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ሥራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነበር። የትኛው ችሎት እንደሆነ ይቆየኝ፤ የሞተውንም ያለውንም ማሳጣት አልፈልግም፣ የማሳጣው ራሴን ብቻ ነው። ዳኛው ወላይትኛ አይሰሙም፣ ባላገሩ አማርኛ አይሰማም። እኔ በመካከላቸው ካኪ ኮቴን ቆልፌ፣ ፀጉሬን በቫዝሊን አስተኝቼ፣ ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ እቆማለሁ። ከመተርጎሜ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ጉሮሮዬ ላይ ምንም ኖሮ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ወንድ ባለጉዳይ ሲናገር አንዲት ቃል አላስቀርበትም። እንዲያውም እጨምርለታለሁ። ሰውዬው «መሬቴን ወሰደብኝ» ብሎ ዝም ካለ፣ እኔ «ጌታዬ፣ አያት ቅድመ አያቶቼ የኖሩበትን፣ እትብቴ የተቀበረበትን መሬት በጠራራ ፀሐይ ተነጠቅሁ» ብዬ አሰማምርለታለሁ። ባላገሩ የራሱን ንግግር ርዝመት ሰምቶ ይደነግጣል።

ሴት ስትናገር ግን ሌላ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን ሴት ዳኛ ፊት ስትቆም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ በለሆሳስ ነው የምትናገረው። ነገሯን ከልጆቿ ትጀምራለች፣ በላሟ ታልፋለች፣ በጎረቤቷ ትዞራለች፣ ከዚያ ዋናው ጉዳይ ላይ ትደርሳለች። እኔ እስክትደርስ መቼ እጠብቃታለሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ተበድያለሁ ትላለች» እላለሁ፣ አለቀ። ዳኛውም «ጎበዝ ነህ፣ ፍሬ ነገሩን ታወጣለህ» ይሉኛል። ሲያመሰግኑኝ ኮቴ ይጠበኛል። ያን ጊዜ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እንደ ሕግ አንቀጽ ነበር የምጠቅሰው። ለሴቶቹም ውለታ የምሠራ ይመስለኝ ነበር፤ በሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው ከሚዋረዱ እኔ ልቋጭላቸው፣ ዳኛውም ምሳቸው አይለፍባቸው ብዬ።

በዚህ ዓይነት አራት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን ጎዳቴ የምትባል መበለት መጣች።

ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ ቀርታለች። የከሰሳት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፣ ሻንካ ይባላል። ክሱ አጭር ነው፦ ወንድሜ ሞቷል፤ ቤቱም፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮም የእኔ ነው፤ ሴትየዋ ለቃ ወደ አባቷ ቤት ትሂድልኝ። የእንሰት ጓሮ ማለት ለእኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ በቆሎው ቢከዳ፣ ዝናቡ ቢቀር፣ የልጆች አፍ ላይ የሚደረገው እዚያ ነው ያለው። ጓሮውን ካጣች ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው። ዳኛው ደግሞ ቅዳሜ ለሥራ ከከተማ ስለሚወጡ፣ ነገሩ በማግስቱ ዓርብ መቆረጥ ነበረበት።

መበለቲቱ ልጇን አዝላ ብቻዋን ነው የቆመችው። ዳኛው አዩዋት አዩዋትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስለ እሷ የሚናገርላት ወንድ የላትም እንዴ? በላት።»

አልኳት። እሷም ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ «አፍ አለኝ» አለች።

«የላትም ጌታዬ» ብዬ ተረጎምኩ።

ሻንካ ቀድሞ ተናገረ። ለመናገር እንኳ አልሆነለትም፣ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ «የወንድሜ ነው፣ የእኔ ነው» ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ላብ ላብ ይለኛል፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ የአባትና የአያት ነገር አስገብቼ፣ የደም ነገር አስገብቼ፣ መጨረሻ ላይ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ እንዲሉ» ብዬ ዘጋሁለት። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው ተረቷን በደስታ ጻፋት። ሻንካ ምን እንዳልኩለት ባያውቅም፣ የዳኛውን ፊት አይቶ ደረቱን ነፋ።

ከዚያ ጎዳቴ ተናገረች። ረጅም ነበር። ሌሎቹ ሴቶች እንደሚያደርጉት መሬት መሬት አላየችም፤ ዳኛውን እያየች ነው የተናገረችው። ስለ ባሏ ሕመም፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጓሮው፣ ሻንካ ከቀብሩ በኋላ መጥቶ ስላላት ነገር አንድ በአንድ ዘረዘረች። ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ግን ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል፣ ሆዴ ይጮሃል፣ ንግግሯም በሰው ፊት የማይባል ነገር አለበት ብዬ ተሸማቅቄያለሁ። መጨረሻ ላይ «ይህን ጓሮ ለይቶ የሰጠኝ ስሙን የማልጠራው ሰው ነው። እሱ ይጠየቅልኝ» አለች።

እዚህ ላይ ልቁም። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። የባሏንም አትጠራም። ነውር ነው፣ ክብርም ነው። «ስሙን የማልጠራው ሰው» ስትል የባሌ አባት ማለቷ እንደሆነ ወላይታ ምድር ላይ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን አውቄ፣ ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ፣ እንዲህ አልኩ፦

«እንዲያዝኑላት ትለምናለች ጌታዬ። መሬቱንም አንድ ሰው ሰጥቶኛል ትላለች።»

«አንድ ሰው? ማን የሚባል?» አሉ ዳኛው።

«ስሙን አልተናገረችም።»

«ስሙን የማታውቀው ሰው ነው መሬት የሰጣት?» አሉና ፈገግ አሉ። አማርኛ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዳኛ ሲቀልድ መሳቅ የሥራዬ አካል ይመስለኝ ነበር። «ምስክር የላት፣ ማስረጃ የላት። ነገ ጠዋት ብይን እሰጣለሁ» ብለው ተነሡ።

እየወጣሁ ሳለ ጎዳቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ኢሻ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንተ የተናገርከው ይህችን ብቻ ነው?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገራችሁና ሳቁብኝ። «አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው» አልኳት።

አየችኝ። «ለሻንካ ጊዜ ረጅም ነበር» አለችና ልጇን አዝላ ሄደች።

ነገሩን ከምሳ ጋር ዋጥኩት፤ ከሰዓት በኋላም ሁለት የወንድ ክርክር አሳምሬ ተርጉሜ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባለቤቴ ማርታ በቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ፊደል ታስቆጥራለች፤ ቁጡ አይደለችም፣ ዝምተኛ ናት። የቀቀለችውን ቦይና፣ ጎደሬ የምትሉትን፣ ከዳጣ ጋር አምጥታ ፊቴ ስታስቀምጠው ግን ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

«የሐና አባት» አለችኝ፤ ሐና የመጀመሪያ ልጃችን ናት። «ዛሬ አንዲት መበለት ነበረች አሉ።»

«ነበረች። ማን ነገረሽ?»

«የማያውቅ ማን አለ? ሴቶቹ መስኮቱ ሥር ቆመው ሰምተዋል። የተናገረችውን ቃል በቃል ገበያ ላይ ሲነግሩኝ ነበር የዋልኩት። ሰሚው ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ 'አስተርጓሚውስ ምን አለ?' ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«እሺ?»

«አማርኛ የምትሰማ አንዲት ነበረች። 'ትለምናለች አለ' አለችኝ። ሴትየዋ ለምናለች?»

«አልለመነችም» አልኩ። «ግን ያው ነው። ሴት ናት፣ ፍርድ ቤት ነው፣ ምን ልትል ትችላለች ሌላ?»

«የሰጣትን ሰው ጠርታለች። እንዲጠየቅላት። አንተ 'አንድ ሰው' አልክ።»

«ስሙን አልጠራችማ! ስም ያልተጠራበትን ከየት አምጥቼ ልጥራ?»

ማርታ ቁጭ አለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ እንዲህ አለችኝ፦ «ካገባሁህ ስድስት ዓመቴ ነው። ስምህን ጠርቼው አላውቅም። አንድ ሰው መጥቶ 'ባልሽ ማነው' ቢለኝ፣ ስምህን ስለማልጠራ፣ አንተም ለእኔ 'አንድ ሰው' ነህ ማለት ነው?»

አፈወርቅ የተባልኩት ሰውዬ አፌን በቦይና ሞላሁት።

«ነገ ተናገርላት» አለችኝ።

«በመሐላ ነው የቆምኩት እኮ። አጉድያለሁ ብዬ ብናገር ያስሩኛል። ልጅሽን ማን ያሳድግልሻል?»

«የእሷንስ ልጆች?» አለችና ሳህኑን አነሣች። ገና አልጨረስኩም ነበር።

ጀግና ሆኜ አደርኩ ብላችሁ ውሸት ነው። እንዴት አድርጌ ሳልጋለጥ እንደማስገባው ሳሰላ ነው ያደርኩት። ዘዴዬ እንዲህ ነበር፦ ዳኛው ብይኑን ከመጀመራቸው በፊት፣ እንደ ዋዛ፣ «አንዲት ትንሽ ቃል ቀርታ ነበር» እላለሁ፤ እሳቸውም «እህ» ብለው ያልፉታል፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ሁሉም በሰላም ይለያያል። አስተርጓሚ ሆኜ ስኖር ነገርን በትንሹ ማለፍ የለመድኩት እኔ ነበርኩ፣ ዳኛው አልነበሩም።

ዓርብ ጠዋት ችሎቱ ሞልቷል። መስኮቱ ሥር የሴቶች ነጠላ ይታየኛል፤ የማርታም እዚያ መካከል ነበረ። ውጪ ዋርካው ሥር የሻንካና የሟቹ አባት፣ አባ ጋንታ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸውና ምራታቸው ሲካሰሱ ቤት መቅረት አልሆነላቸውም፤ ችሎት ያልጠራው ሰው ደግሞ አይገባም፤ ትልቁ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የሚኖሩትም የሚበሉትም በሻንካ ቤት ነው። ሐሙስም እዚያው ተቀምጠው ነበር። በአጠገባቸው አልፌ ምሳዬን ልበላ ሄጃለሁ።

ዳኛው መዝገቡን ገለጡ። ጉሮሮዬን አንድ ጊዜ ጠረግሁ። ሁለተኛው እንቢ አለኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ ትናንት... ከሴትየዋ ቃል... አንዲት ቃል ቀርታ ነበር።»

«አንድ ቃል?»

«ሁለት ብትሆን ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አፈወርቅ፣ ስንት ቃል ነው የቀረው?»

«ብዙ፣ ጌታዬ።»

«ምን ያህል ብዙ?»

ወደ መስኮቱ አየሁ። «ሁሉም» አልኩ።

ዳኛው መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠው ጥቂት አነበቡ። «እዚህ 'ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ' የሚል አለ። ይህን ያለው ሻንካ ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«'አያት ቅድመ አያቶቼ' የሚለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ተከራካሪው አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አሉ። ሻንካ ስሙ ሲደጋገም ሰምቶ ነገር እንደተበላሸ ገባው፤ እጁን አውጥቶ በወላይትኛ እየጮኸ መናገር ጀመረ። ሲጨርስ ዳኛው ወደ እኔ አዩ። «ምን ይላል? አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በታማኝነት ተርጉሜ አላውቅም። «ይህ አስተርጓሚ ወንድ አይደለም ይላል፣ ጌታዬ። ሚስቱ ወደነዳችው የሚሄድ ነው ይላል። ትናንት ማታ ሚስቱ መክራው ነው፣ ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል ይላል። ኮቱ ብቻ ነው ሰው ይላል።»

ዳኛው ለአፍታ ጢማቸውን ያዙ። «እውነት ነው?»

«ከኮቱ በቀር እውነት ነው» አልኩ። ጸሐፊው ይህንንም ጻፈው።

ያስሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዳኛው ግን ተቆጥተው እንኳ አልጮኹም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አንተ የሰው ቃል አጥፍተሃል። ሌላ አስተርጓሚ ቢኖረኝ ዛሬውኑ አባርርህ ነበር፤ የለኝም። ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን። ሴትየዋ ከመጀመሪያው ትናገራለች። አንተ ደግሞ 'ትላለች' የምትለውን ነገር ተው። በዚያ 'ትላለች' ሥር ነው የምትደበቀው። እሷ 'እኔ' ስትል አንተም 'እኔ' በል። አንዲት ቃል ብታጎድል ወይም ብትጨምር ወደ ወህኒ ትሄዳለህ።»

ለጎዳቴ ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ጀመረች። እኔም ተከተልኳት።

«እኔ የሟቹ ሚስት ነኝ» አልኩ።

ሳቁ ከኋላ ጀመረ። ካኪ ኮት የለበሰ፣ ጢሙን የከረከመ ወንድ ዳኛ ፊት ቆሞ የሟቹ ሚስት ነኝ ሲል እናንተስ ብትሆኑ አትስቁም? በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ስም ስላልጠራሁ ባሌን አላውቀውም ማለት አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። በዚያ ቤት አራት ልጅ ወልጃለሁ።»

ጸሐፊው ብዕሩን ጣለ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ላቤ ከቫዝሊኑ ጋር ተቀላቅሎ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጎዳቴ አልሳቀችም፣ አላቆመችም። እኔም ማቆም አልችልም።

«አንዷ ሞታብኛለች። ጓሮው ዳር ነው የቀበርኳት። ባሌ ሲታመም ጎረቤት ለምኜ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ይዘነው ስንወጣ፣ መንገድ ላይ 'መልሱኝ፣ እንሰቱ ሥር ልሙት' አለኝ። መለስኩት። በመመለሴ ዛሬም ራሴን እወቅሳለሁ።»

ሳቁ ሲቆም አልታወቀኝም። ድምፄ ግን እንደ ወትሮው እንዳልሆነ ታወቀኝ። ጉሮሮዬ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ነገር ነበረበት።

«ከቀብሩ በስምንተኛው ቀን ሻንካ መጣ። 'ከእንግዲህ ከእንሰቱ ጋር የእኔ ነሽ' አለኝ። እንቢ አልኩት። 'እንግዲያው እንሰቱን ትተሽ ውጪ' አለኝ። ፍጉን በጀርባዬ ተሸክሜ ያበላሁት እኔ ነኝ። ቆርጬ የፋቅሁት፣ ልጅ ያሳደግሁበት እኔ ነኝ። ሻንካ ስንት እግር እንሰት እንዳለ እንኳ አያውቅም፣ ጠይቁት። እኔ ላም አይደለሁም፣ ከጓሮ ጋር አልወረስም። ትናንት ለምና ሄደች ተብሏል አሉ። አልለመንኩም። የእኔ የሆነ ነገር የእኔ ነው ለማለት ነው የመጣሁት።»

ትንፋሽ ወሰድኩ። እሷም ወሰደች።

«ጓሮውን ለይቶ የሰጠኝ ስሙን የማልጠራው ሰው ነው። እሱ ይጠየቅልኝ።»

ዳኛው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ትናንትም አውቅ ነበር» አልኩ። «የባሏ አባት ናቸው። በአገራችን ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እኔ ግን ምራታቸው አይደለሁም። አባ ጋንታ ይባላሉ። ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል።»

ፖሊሱ ደግፎ አስገባቸው። ሻንካ አባቱን አይን አይናቸውን ያያል፤ ሽማግሌው ግን ወደ እሱ አልዞሩም። ማሉ። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ማታ የሚገቡበትን ቤት የሚያስቡ መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ ተናገሩ፣ እኔም እንደተነገረኝ «እኔ» እያልኩ ተከተልኳቸው።

«ይህች ልጅ ቤቴ ከገባች ጀምሮ ስሜን ጠርታ አታውቅም። አክብራኝ ነው። እኔ ግን ስሟን እጠራለሁ። ጎዳቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ሽማግሌ ቆሞ፣ ጓሮውን ከልጄ ድርሻ ለይቼ ለእሷ ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጄ እስኪሞት ድረስ የበላሁት ከእጇ ነው። ሻንካም ልጄ ነው፤ እንዲህ አታድርግ ብዬዋለሁ፣ አልሰማኝም። ችሎቱ እስኪጠራኝ እጠብቅ ነበር። የሚጠራኝ ጠፋ።»

የሚጠራኝ ጠፋ የምትለዋን ስተረጉም ማንን እንደምትመለከት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዳኛው ጓሮው ሲሰጥ የቆሙትን ሽማግሌዎች ስም አስጻፉ፤ ሁለቱ በሕይወት ነበሩና እዚያው ከሰዓት በፊት ተጠርተው ያንኑ መሰከሩ። ቤቱና ጓሮው ለጎዳቴና ለልጆቿ ተወሰነ። አባ ጋንታም በዚያው ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ምራታቸው ቤት ገቡ።

እኔስ? እኔማ ኮቴን ቆልፌ በር ላይ ቆምኩ። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር፣ አትታዘቡኝ። ጎዳቴ ስትደርስ ቆመች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ዛሬ አማርኛ ረዘመ አይደል?» ብላኝ አለፈች። ማርታ ከመስኮቱ ሥር ሰምታታለች፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሥራ ሳጓትት ይህችን ነገር ትደግምልኛለች።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት በአስተርጓሚነት ሠራሁ። ያ ቀን ጻድቅ አላደረገኝም፤ ጉሮሮ መጥረጉን ለመተው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ቫዝሊኑን ራሰ በራነት ነው ያስተወኝ። ግን ሴት ስትናገር መጠበቅ ለመድኩ። በላሟም ብትዞር፣ በጎረቤቷም ብታልፍ እከተላታለሁ። ለካ ላሟ ራሷ ጉዳዩ ናት፣ ጎረቤቷም ምስክር ናት። እናንተ ወጣቶች አሁን በየቢሮው፣ በየስብሰባው ትቀመጣላችሁ፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም። ሴት ስትናገር «ባጭሩ ለማለት የፈለገችው» ብሎ የሚጀምር ወንድ ካያችሁ ግን ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ከነኮቴ። ቁጭ በል በሉት።

እስካሁን ያወራኋችሁን እየሳቅሁ ነው ያወራሁት። የማልስቅበት አንድ ነገር ቀርቷል።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንዲት ጠና ያለች ሴት የችሎቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከአረካ በኩል በእግሯ ነው የመጣችው። ፊቷን አላስታወስኩትም።

«የጎዳቴን ነገር ሰማሁ» አለችኝ። «እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ ነበር። መሬቴን ለሌላ ሰው ፈረዱት። እኔ ያልኩትን አልረሳሁም፣ አንተ ያልከውን ግን አላውቀውም። ምን ብለህልኝ ነበር?»

ምን ልበላት? አላስታውስም። ጸሐፊውን ለምኜ መዝገቡን አስወጣሁ። በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ተቀምጬ ገለጥኩት። የባላጋራዋ ቃል ሁለት ገጽ ተኩል ሞልቷል። ከሥሩ የእሷ አለ፤ ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩላት።

«ተከሳሿ ጥፋት የለብኝም፣ ይዘንልኝ ትላለች።»

ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ እያዳመጠች ነበር። ዝም ስል ትንሽ ጠበቀች።

«እሺ» አለችኝ፣ «ቀጥል።»